ባኽ በደከመ ባትሪ ድንጋይ

ደሴ ቤታችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው የፈረንጅ ክላሲካል ሙዚቃ የመጣው ከኦዴሳ ነው። ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድሜ በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ፣ ሻንጣው ውስጥ ወፍራም ካፖርት፣ የሩሲያኛ መጻሕፍትና ከሸክላ ላይ የተቀዱ ካሴቶች ነበሩ። ከካሴቶቹ በአንዱ ላይ በሩሲያ ፊደል የተጻፈውን ስም በጣቱ እየነካ «እነዚህ የኦዴሳ ልጆች ናቸው» አለን፤ የሰፈሩን ልጆች የሚያስተዋውቅ ይመስል ነበር። አባትና ልጅ ናቸው፤ ዳቪድና ኢጎር ኦይስትራኽ። አባትየው በ1908 ኦዴሳ ተወለደ፤ ልጅየውም በ1931 እዚያው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሙዚቃው ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ለሁለት ቫዮሊን የጻፈው የዲ ማይነር ኮንቸርቶ ነበር።

እኔ ያኔ ዲ ማይነር ምን እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው ቴፑን ነው። መብራት ሲጠፋ ቴፑ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ባትሪ ድንጋይ ደግሞ ውድ ነበር። ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ በጥርሳችን ነክሰን ጎኑን እናጎደጉደዋለን፣ የፊቱን ከኋላ የኋላውን ከፊት እናደርጋለን፤ ትንሽ ዕድሜ ይጨምራል። በዚያች በተጨመረችው ዕድሜ የሚሰማ ዘፈን ሁሉ ታዲያ ይጎተታል። የሴቶቹ ድምፅ ይወፍራል፣ የወንዶቹ ይጎረንናል፣ ጭፈራው ይከብዳል። የጥላሁን ዘፈን ሲሆን አንድም ሰው አይታለልም፤ ሁሉም ድምፁን ያውቀዋልና ወዲያው «ድንጋዩ አለቀ» ይባላል። ባኽን ግን ማን ያውቀዋል? እንደዚያ ሆኖ ሰማነው፤ እንደዚያ ነው ብለን ተቀበልነው።

ያቺን ካሴት የምንሰማው ማታ ማታ፣ አብዛኛውን ጊዜም መብራት በሌለበት ሰዓት ነበር። ነፍሷን ይማርና እናታችን የኮንቸርቶውን መሀለኛ ክፍል፣ ያንን ዝግተኛውን፣ ዝም ብላ ታዳምጠዋለች። አንድ ቀን ጋሼን ጠየቀችው።

«ሁለት ናቸው አይደል?»

«ሁለት ናቸው እማዬ።»

«አንዷ ታወጣለች፣ አንዷ ትቀበላለች። ማን ሞቶባቸው ነው?»

ጋሼ ሳቀ። «ማንም አልሞተባቸውም። እንዲያውም ይኼ ክፍል የደስታ ስኬል ነው፤ ሜጀር ይባላል።»

«እኔ የሰማሁትን ነው የነገርኩህ» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ሁለቱም ልክ እንደነበሩ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ኮንቸርቶው ሦስት ክፍል አለው። ባኽ የጻፈው በ1730 ገደማ ላይፕዚሽ ሳለ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥራው ላይ ደርቦ ከ1729 ጀምሮ ተማሪዎችና ባለሙያዎች ተሰብስበው የሚጫወቱበትን «ኮሌጊየም ሙዚኩም» የተባለ ቡድን ይመራ ነበር፤ ቡድኑም የዚመርማን ቡና ቤት ውስጥ ለሕዝብ ይጫወታል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ክፍል በዲ ማይነር የቆሙ ፈጣን ክፍሎች ናቸው። የመሀሉ በኤፍ ሜጀር ነው። ጋሼ «የደስታ ስኬል» ያለው ይህንን ነው። በባኽ ዘመን የሐምቡርጉ የሙዚቃ ሊቅ ዮሐን ማቴሶን በ1713 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ለእያንዳንዱ ስኬል ጠባይ ሰጥቶት ነበር። ኤፍ ሜጀርን በዓለም ያለውን ያማረ ስሜት ሁሉ፣ ቸርነትን፣ ጽናትን፣ ፍቅርን ለመናገር የሚችል ነው ይለዋል። ዲ ማይነርን ደግሞ የጸሎት መንፈስና እርጋታ ያለው፣ ግርማም ደስ የሚል ነገርም የማያጣው አድርጎ ይገልጸዋል። ዛሬ «ማይነር ሲሆን ሐዘን፣ ሜጀር ሲሆን ደስታ» ብሎ የሚያስተምር ሰው ይህንን ቢያነብ ግራ ይገባዋል።

በመሀለኛው ክፍል መጀመሪያ የሚገባው ሁለተኛው ቫዮሊን ነው። ከላይ ጀምሮ በደረጃ እየወረደ ረጅም ዜማ ያወጣል። አንደኛው ቫዮሊን የሚገባው ከሁለት የሙዚቃ ቤት በኋላ ነው፤ ያንኑ ዜማ አምስት ድምፅ ከፍ አድርጎ ይዞ። እሱ ሲገባ ሁለተኛው አይቆምም፤ ዜማውን ለቅቆለት ከሥሩ ሌላ ነገር እየሠራ ይሸኘዋል። ከዚያ ይለዋወጣሉ። አንዱ አንድ ድምፅ ላይ ሲያርፍ ሌላው ይንቀሳቀሳል፤ ያረፈው ሲነሳ ሌላው ያርፋል። ኦርኬስትራው ከኋላ ሆኖ ቀስ እያለ ይረግጣል እንጂ ጨዋታቸው ውስጥ አይገባም። እናታችን የኖታ መጽሐፍ ሳታይ የደረሰችበት እዚህ ላይ ነው፦ አውጪና ተቀባይ።

ካሴቷ በመጨረሻ ተበላሸች። ጥብጣቧ ተጨማደደ፣ በእስክሪብቶ ሲጠነጠን ከረመ፣ ከዚያ ተቆረጠ። እኔም ደሴን ለቅቄ አዲስ አበባ ገባሁ። ከዓመታት በኋላ የእነዚያኑ የአባትና ልጅ ቅጂ በሲዲ አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ ያሉት ስሞች እነሱው ናቸው፤ የሚሰማው ግን ለእኔ ሌላ ነው። ቫዮሊኖቹ ቀጥነዋል፣ ይቸኩላሉ፣ ብርሃን በዝቶባቸዋል። ያ የማታ ክብደት የለም። ቫዮሊን ለሚያስተምር ወዳጄ ስነግረው ሲዲውን እንኳ አልጠየቀኝም። «የመሀለኛውን ክፍል መጀመሪያ አንጎራጉርልኝ፤ የምታስታውሰውን፣ የካሴቱን» አለኝ። አንጎራጎርኩ። ቫዮሊኑን አንስቶ የጀመርኩባትን ድምፅ ፈለጋት። ኤፍ መሆን ነበረባት፤ የእኔ ግን ኢ ሆና ተገኘች። ግማሽ ድምፅ ወርዳለች።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የካሴት ጥብጣብ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር እንዲሄድ ነው የተሠራው። ሞተሩ ደክሞ ፍጥነቱ በ6 በመቶ ያህል ሲቀንስ ድምፁ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል። ቴፕ ላይ ፍጥነትና ስኬል አንድ ላይ ነው የሚታሰሩት፤ አንዱን ነክተህ ሌላውን መተው አትችልም። 7 ደቂቃ የሚፈጅ ክፍል ወደ 25 ሴኮንድ ይረዝማል። በዚህ ዓይነት እኛ ቤት የሚሰማው ባኽ በዲ ማይነር ሳይሆን ከሲ ሻርፕ ማይነር አጠገብ ነበር፤ የመሀሉም ክፍል ከኤፍ ወርዶ ኢ ሜጀር ሆኗል ማለት ነው።

እኔን የገረመኝ ግን የወረደው ድምፅ በጭንቅላቴ ውስጥ ሳይነቃነቅ መቆየቱ ነበር። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። በ1994 ዳንኤል ሌቪቲን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሙዚቃ ያልተማሩትን ጨምሮ የኮሌጅ ተማሪዎችን ሰብስቦ የሚወዱትን ዘፈን ከሸክላው እንደሚያስታውሱት አድርገው እንዲዘፍኑ ጠይቆ ነበር። ብዙዎቹ ቅጂው ያለበትን ድምፅ ራሱን ወይም በጣም የሚቀርበውን አወጡ። ቀጥሎ ፍጥነታቸው ሲለካም አብዛኞቹ ከቅጂው ፍጥነት ከ8 በመቶ በላይ አልራቁም። ተራ ሰው ዘፈንን ሲያስታውስ ዜማውን ብቻ አያስቀምጥም፤ የሰማበትን ከፍታና ፍጥነት ጭምር ነው። የእኔ ትዝታ የባትሪውን ድካም ሳይቀር መዝግቦት ኖሯል።

«ታዲያ ስህተት ሰምቼ ነው የኖርኩት?» ብዬ ወዳጄን ጠየቅሁት። ሳቀና ሌላ ቅጂ ከፈተልኝ፤ በባኽ ዘመን ዓይነት መሣሪያ፣ ከአንጀት በተሠራ ክር የሚጫወቱ ሰዎች የቀዱትን። መሀለኛው ክፍል ሲጀምር ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ድምፁ የእኔ ድምፅ ነው። በዚያ ዓይነት አጨዋወት የሚሠሩ ሙዚቀኞች «ኤ» የምትባለውን መቃኛ ድምፅ በሴኮንድ 415 ንዝረት ላይ ያደርጓታል። የዘመናችን መስፈርት ግን በ1939 ለንደን ላይ የተስማሙበት 440 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሞላ ጎደል ግማሽ ድምፅ ነው። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት አጥንተው፣ የድሮ መሣሪያ አሠርተው የደረሱበት ከፍታ ላይ እኛ ደሴ ሆነን ባለቀ ድንጋይ ደርሰንበት ነበር። ፍጥነቱ ግን አልገጠመም። እነሱ በዝቅታው ላይ ቀለል ብለው ይራመዳሉ፤ የእኛዎቹ ዝቅም ብለው ይጎተቱ ነበር።

በእርግጥ በባኽ ዘመን ራሱ አንድ የጸና ከፍታ አልነበረም። ከከተማ ከተማ፣ ከኦርጋን እስከ ቡና ቤት ድረስ «ኤ» ትለያያለች። ባኽም ቢሆን ስኬሉን እንደ ታቦት አላየውም። በ1736 ገደማ ይህንኑ ኮንቸርቶ ለሁለት ሃርፕሲኮርድ መልሶ ሲጽፈው አንድ ሙሉ ድምፅ አውርዶ ሲ ማይነር አደረገው። ቫዮሊኑ የሚወጣባትን ከፍተኛ ድምፅ የሃርፕሲኮርዱ ቁልፎች ስለማይደርሱባት ነው። የመሀለኛው ክፍል መመሪያም አብሮ ተለወጠ። ለቫዮሊኖቹ «ላርጎ፣ ግን ብዙም አይደለም» ብሎ ነበር፤ ዝግ በሉ፣ ዝግታውን ግን አታብዙት ለማለት ነው። ለሃርፕሲኮርዶቹ ግን በእርምጃ ያህል የሚሄድ «አንዳንቴ» ሆነ፤ በለስላሳ ይሁን የሚልም ተጨመረበት። ሃርፕሲኮርድ ላይ የተመታ ድምፅ ወዲያው ይሞታል፤ በደጋን እንደሚሳብ ክር ረጅሙን ድምፅ ተሸክሞ መቆየት አይችልም። ስለዚህ ፍጥነቱና ስኬሉ የሚወሰኑት በሐሳብ ብቻ አይደለም፤ እንጨቱና ክሩም ያዝዛሉ።

እዚህ ላይ ለቫዮሊን የዲ ማይነር ጥቅም ምን እንደሆነ ማንሳት ያስፈልጋል። ከቫዮሊኑ አራት ክሮች ሁለቱ ዲ እና ኤ ናቸው፤ የዚህ ስኬል ምሰሶዎችም እነሱው ናቸው። ተጫዋቹ እነዚህን ድምፆች በነካ ቁጥር ያልተነኩት ክሮች አብረው ይርገበገባሉ። በሲ ማይነር ቢጫወተው ይህ አስተጋቢ ይቀንሳል። መሣሪያውን ወደ 415 አውርደህ ብትቃኘው ግን ክሮቹ ሁሉ እኩል ስለሚወርዱ ጣቶቹ አሁንም ዲ ማይነር ይጫወታሉ፤ አስተጋቢውም አብሮ ይወርዳል። የእኛ ቴፕም ያደረገው ይህንኑ ነው። የኦይስትራኾች ጣት ዲ ማይነር ላይ ነበር፤ ወደ እኛ ጆሮ የደረሰው ግን ሌላ ነው። የአገራችን ማሲንቆ ተጫዋች በዚህ አይደነግጥም። አንዲቷን የጭራ ክሩን የሚወጥረው ለዚያች ምሽት ላለው ጉሮሮ ነው። ትዝታን ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ አድርጎ ይጫወታል፤ ትዝታነቱ የሚመዘነው በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ስለሆነ አይለወጥም።

ያንን ሲዲ ካገኘሁ በኋላ የዚህን ኮንቸርቶ ቅጂዎች ማሳደድ ጀመርኩ። የድሮዎቹን ስሰማ የደሴው ቴፕ ብቻውን እንዳልነበረ ተረዳሁ። ፍሪትዝ ክራይስለርና ኤፍሬም ዚምባሊስት በ1915 ሲቀዱት ማይክሮፎን የለም፤ ድምፁን የሚቀበለው ትልቅ ጡሩምባ መሳይ ቀንድ ነው። ኦርኬስትራው ቀርቶ አራት የአውታር ተጫዋቾች ብቻ ያጅቧቸዋል። በዚያ ዘመን ትልቁ ሸክላ በአንድ ገጹ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ነው የሚይዘው። መሀለኛው ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ 6፣ 7 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወይ መሀሉ ላይ ተቆርጦ ሸክላው ይገለበጣል፣ ወይ ከዜማው ይቀነሳል፣ ወይ ይቸኮላል። ሸክላው በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞራል ቢባልም የጥንቶቹ ከዚያ በታችም በላይም ተቀድተዋል። ዛሬ ቅጂዎቹን የሚያድሱ ባለሙያዎች ትክክለኛውን ፍጥነት የሚፈልጉት ስኬሉን ተከትለው ነው፤ ዲ ማይነር እስኪሆን ድረስ ያስተካክሉታል። ግን በየትኛው «ኤ» የተቃኘ ዲ ማይነር? እዚያ ላይ መገመት ግድ ይሆናል።

አብዝቼ የምመለስበት ቅጂ በ1928 የተቀዳው የአባትና የልጅ ነው፤ አርኖልድ ሮዜና አልማ ሮዜ። አርኖልድ ከ1881 ጀምሮ የቪየና ፊልሃርሞኒክ መሪ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። አልማ ያኔ በሃያዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ ላይ ናት። የአባትየው አጨዋወት የአሮጌው ዘመን ነው፤ ጣቱን ክሩ ላይ እምብዛም አያንቀጠቅጥም፣ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲሄድ ይንሸራተታል። ሲሰማ የተጋለጠ ነገር አለው። ከ10 ዓመት በኋላ ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ አይሁዳዊው ሮዜ ከቦታው ተባረረ፤ ወደ ለንደን ተሰደደ። አልማ ፈረንሳይ ውስጥ ተይዛ በ1943 ወደ አውሽቪትዝ ተጋዘች። በዚያም የእስረኛ ሴቶችን ኦርኬስትራ መራች፤ የኦርኬስትራው አባል መሆን ብዙ ሴቶችን ከሞት አትርፏል። እሷ ግን በ1944 ሚያዝያ እዚያው ሞተች። አባትየው በ1946 ለንደን ውስጥ አረፈ።

ይህንን ካወቅሁ በኋላ ያንን ኤፍ ሜጀር እንደ ደስታ መስማት አቃተኝ። ነገር ግን በ1928 ቪየና ውስጥ የቆሙት ሁለት ሰዎች ስለ 1944 የሚያውቁት አልነበረም። ሐዘኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እናታችንም ሙሾ የሰማችው የራሷን ሙታን ይዛ ስለተቀመጠች ይሆናል። ቅጂ ስሜትን አሽጎ አያስቀምጥም፤ ሰሚው ዘመኑንም ሬሳውንም ይዞ ይመጣል። ታዲያ በሸክላው ላይ በእርግጥ የተቀዳው ምንድን ነው?

መልሱን የሰጠኝ ከሁሉ ያልወደድኩት ቅጂ ነው። በ1946 ያሻ ሃይፌትዝ በፍራንዝ ዋክስማን መሪነት ሁለቱንም ቫዮሊን ራሱ ተጫውቶ ቀዳው፤ አንዱን ከቀዳ በኋላ ያንን እየሰማ ሌላውን። ጥራቱ የሚያስደነግጥ ነው። ስኬሉ ልክ ነው፣ ፍጥነቱ አንድም ቦታ አይዋዥቅም። የጎደለው ነገር ለረጅም ጊዜ አልታወቀኝም ነበር። ከዚያ በ1932 ፓሪስ ውስጥ የ16 ዓመቱ ይሁዲ ሜኑሂን ከመምህሩ ከጆርጅ ኢኔስኩ ጋር፣ በፒየር ሞንቶ መሪነት የቀዱትን አጠገቡ አድርጌ ሰማሁ። እዚያ አንዱ ዜማውን ሲጨርስ ሌላው ለመግባት ጥቂት ይዘገያል፤ ወይም የመጀመሪያው ሁለተኛው እስኪደርስ ድምፁን ትንሽ ያስረዝማል። መምህሩ ለልጁ ቦታ ሲለቅ ይሰማል፤ ልጁም የመምህሩን አነጋገር ተቀብሎ ሲመልሰው ይሰማል። የሃይፌትዝ ሁለተኛው ቫዮሊን ግን ቀድሞ የተቀዳውን ይከተላል እንጂ የተቀዳው አይጠብቀውም። ጠያቂው መልሱን ሳይሰማ ነው የጠየቀው።

የሁለት ሰው ሙዚቃ ፍጥነት እንግዲህ በሰዓት ብቻ አይለካም፤ አንዱ ሌላውን በሚጠብቅበት ልክ ነው። ስሜቱም የሚኖረው እዚያ መጠበቁ ውስጥ ነው። ባኽ ኮንቸርቶውን ሙሉ ድምፅ ሲያወርደው የአንደኛው አገባብ ከሁለተኛው አምስት ድምፅ ከፍ እንዳለ ቆየ። 415 የሚቃኙትም፣ 440 የሚቃኙትም ያንን ርቀት አይነኩትም። የእኛም ባትሪ ድንጋይ ሁለቱን ቫዮሊኖች እኩል አወረዳቸው፣ እኩል አዘገያቸው፤ በመካከላቸው ያለውን ግን መንካት አልቻለም። ለዚህ ነው እናታችን መብራት በሌለበት ቤት፣ ስሙን በማታውቀው ሙዚቃ፣ ባልተስተካከለ ፍጥነትና ስኬል ዋናውን ነገር ያላጣችው።

ጋሼ አሁን የሚኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ስንደዋወል ክርክሩን እንቀጥላለን። ለእሱ የኦይስትራኾች ቅጂ ላይ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም፤ የሮዜዎችን ልኬለት «ይንሸራተታሉ» ብሎ አጣጣለብኝ። በቅርቡ ደግሞ «አንተ የምትወደው ባኽን አይደለም፣ ያለቀ ድንጋይ ነው» አለኝ። «አንተም የምትወደው ኦዴሳን ነው» አልኩት። ሁለታችንም አልካድንም። ዛሬ በስልክ ስኬሉን ሳይነኩ ፍጥነቱን ብቻ ማዘግየት፣ ፍጥነቱን ሳይነኩ ስኬሉን ብቻ ማውረድ ይቻላል። ሞክሬዋለሁ፤ የኦይስትራኾቹን ወደ ደሴው ልክ አውርጄ ሰምቻለሁ። ድምፁ መጣ፤ ለዚያ ግን እንደጠበቅሁት አልተንሰፈሰፍኩም፤ ልኩን አግኝቼ ሳበቃ የማዳምጠው እንደተለመደው አገባባቸውን ሆነ።

ይህንን ኮንቸርቶ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው የምለው አንድ ነገር ነው። የትኛውንም ቅጂ ውሰድ፤ ከመሀለኛው ክፍል ጀምር። ጆሮህ ዜማውን ይዞ የሚወጣውን መከተሉ አይቀርም። አንድ ጊዜ ግን ዜማውን ለቅቆ የሚሸኘውን ተከተል፤ ምን እየሠራ እንደሚጠብቅ አዳምጥ። ቅጂው ጥሩ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው እዚያ ነው።